«ኮምፒዩተሩ ሞቷል»፦ በጫጫ የወተት መኪና ላይ የተደረገ ምርመራ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ጫጫን ያገኛል። ጫጫ የአንጎለላና ጠራ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ሲነጋ ሣሩ ነጭ ለብሶ ይታያል። በዚህ ሰዓት ገበሬዎች፣ አብዛኛውን ጊዜም እናቶችና ልጆቻቸው፣ የማለዳውን ወተት ይዘው ወደ መንገድ ዳር ይወጣሉ። ወተቱ ተለክቶና ጥራቱ ታይቶ በመኪና ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።

በ2012 ዓ.ም. በኅዳር ወር የመጀመሪያ ሳምንት ከእነዚህ መኪኖች አንዷ አልነሣም አለች። ለ14 ዓመታት ያገለገለች፣ በናፍጣ የምትሠራ፣ የኋላ ወንበሮቿ ተነቅለው ለጭነት የተዘጋጀች ቫን ናት። ሞተሪኖው ሞተሩን በሚገባ ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ግን አይቀበልም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ሳምንታትም ማለዳ ማለዳ ታስቸግር ነበር፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ግን ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ቀን ሊገባ የቀረው ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይበልጥም ነበር። ጾሙ ከገባ የወተት ፈላጊው ስለሚቀንስ፣ ላም ላላቸው ሰዎች እነዚያ ቀናት እያንዳንዳቸው ዋጋ አላቸው። ሹፌሩ፣ የመኪናዋም ባለቤት ነው፣ አስጎትቶ ወደ አንድ ጋራዥ ወሰዳት። ባለሙያውም የመመርመሪያ መሣሪያውን ሰክቶ፣ መሣሪያው ከመኪናዋ ጋር መነጋገር እንዳልቻለ ካየ በኋላ ፍርዱን ሰጠ፦ «ወንድሜ፣ ኮምፒዩተሩ ሞቷል።»

ይህ ፍርድ በመጨረሻ ትክክል ሆኖ ተገኘ። የተሰጠበት መንገድ ግን ትክክል አልነበረም፤ በዚህም የተነሣ ባለመኪናው አንድ ጊዜ ብቻ መክሰር ሲገባው ሁለት ጊዜ ሊከስር ምንም አልቀረውም ነበር። ነገሩ ወደ እኛ የመጣው የሹፌሩ የእህት ልጅ በፋኩልቲያችን የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በመሆኑ ነው። እኛም ብንሆን በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ስድስት ዓመት በሴሚኮንዳክተር ላቦራቶሪ ስናሳልፍ አንድም ቀን የመኪና ኮፈን ከፍተን የማናውቅ መሆናችንን አስቀድመን እንናዘዛለን። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ከሞተር ይልቅ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ሆኖ ስለተገኘ፣ የተማርነው ጥቂት ነገር ጠቀመን፤ አንድ ቦታ ላይም አሳሳተን።

ፖምፓው ይሠራ የነበረውን ማን ወሰደው?

በአገራችን መንገዶች ላይ ለረጅም ዓመታት የኖሩትን የናፍጣ ሚኒባሶች፣ ለምሳሌ 3ኤል ወይም 5ኤል የተባለ ሞተር የተገጠመላቸውን የቶዮታ ሃይኤስ መኪኖች፣ የሚያውቅ አንባቢ በእነዚህ ሞተሮች ላይ የናፍጣው መጠንና የሚረጭበት ጊዜ የሚወሰነው በአንድ መካኒካዊ ፖምፓ እንደሆነ ያስታውሳል። በፖምፓው ውስጥ ያሉ ክብደቶች ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ወደ ውጭ እየተወረወሩ፣ ስፕሪንግ እየገፉ፣ የሚረጨውን መጠን ይቆጣጠራሉ። ይህ ሁሉ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነው። ፖምፓው ሲያረጅ መካኒኩ ይፈታዋል፣ ያበላሸውን ክፍል ያገኛል፣ ይለውጣል። የሠለጠነ ጆሮ ያለው ሰው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ብቻ ጉድለቱን ይናገራል።

ኢሌክትሮኒክስ ወደ ሞተር የገባው ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ የሠራው በትራንዚስተር የሚሠራ የቤንዚን መርጫ መቆጣጠሪያ በፎልክስቫገን መኪኖች ላይ ተገጠመ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ነዳጁንም የእሳት ብልጭታውንም አንድ ላይ የሚያዝ ዲጂታል ኮምፒዩተር በቢኤምደብልዩ መኪና ላይ ዋለ። የናፍጣ ሞተር ቆየት ብሎ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ በሂኖ የጭነት መኪና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ ቦሽ በአልፋ ሮሜዮ 156 ላይ «ኮመን ሬይል» የተባለውን ዘዴ ለገበያ አቀረቡ። በዚህ ዘዴ ናፍጣው በአንድ የጋራ ቧንቧ ውስጥ ከከባቢ አየር ከ1,000 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ግፊት ታምቆ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ መርጫ መቼ እንደሚከፈትና ለምን ያህል ጊዜ ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ የሚያዝዘው ኮምፒዩተሩ ነው። የጫጫዋ ቫን የዚህ ትውልድ ናት።

አንባቢ የዚህን ሥራ ፍጥነት በቀላል ስሌት ሊገምተው ይችላል። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር 30 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ዙር 360 ዲግሪ ስለሆነ አንዷ ዲግሪ የምትደርሳት 83 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ናት። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከሆነ በየሰከንዱ ከ66 ጊዜ በላይ መርጨት ያስፈልገዋል፤ እያንዳንዱም ርጭት የሚቆየው አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ሳጥኑ ይህን ሁሉ የሚሠራው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ተደፍቶ፣ አቧራና ንዝረት እየጠጣ ነው።

ለውሳኔው የሚያስፈልገውን መረጃ የሚያገኘው ከሴንሰሮች ሲሆን፣ ሴንሰሮቹም ሁሉንም ነገር ወደ ቮልቴጅ ይተረጉሙለታል። የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚለካው ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ቁራጭ ሴሚኮንዳክተር ነው፤ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 2,500 ኦም ገደማ የነበረው በ80 ዲግሪ ወደ 300 ኦም ይወርዳል። ኮምፒዩተሩ 5 ቮልት በአንድ ቋሚ ሬዚስተር በኩል ይልክለትና በመካከላቸው ያለውን ቮልቴጅ ያነባል። ቋሚው ሬዚስተር ለምሳሌ 2,500 ኦም ቢሆን፣ ሞተሩ 20 ዲግሪ ላይ ሳለ የሚነበበው 2.5 ቮልት፣ 80 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ 0.54 ቮልት ገደማ ይሆናል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለ ቮልቴጅ ክፍፍል ስንማር «ይህ ምን ይጠቅማል?» ብለን የጠየቅን ካለን መልሱ እዚህ አለ።

ለጫጫ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአየር ግፊት ሴንሰር ነው። በባሕር ወለል ላይ 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በጫጫ ከፍታ ወደ 72 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ይህ ማለት ፒስተኑ በአንድ ጊዜ የሚስበው አየር በአንድ አራተኛ አካባቢ ቀንሷል ማለት ነው። ከጫጫ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ፣ የጣርማ በርን መሿለኪያ ተሻግሮ፣ ደብረ ሲናን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መኪና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ70 ኪሎ ፓስካል በታች ወደ 87 ኪሎ ፓስካል ይሸጋገራል። ኮምፒዩተሩ ይህን እያወቀ ናፍጣውን ይመጥናል። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ይህ ሴንሰር ከሞተሩ አጠገብ ሳይሆን በራሱ በኮምፒዩተሩ ሳጥን ውስጥ ተበይዶ ይገኛል። እንዲህ በሆነበት መኪና ሴንሰሩ ተበላሽቶ «ባሕር ዳርቻ ላይ ነን» ቢል፣ ኮምፒዩተሩ በሌለ አየር ልክ ናፍጣ ይረጫል፤ ውጤቱም አቀበት ላይ ጥቁር ጭስ ነው። በአገራችን የጥቁር ጭስ ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ይህ አንዱ መሆኑን የሚያስታውስ መካኒክ አላጋጠመንም።

የእኛ ስህተት

ወደ ቫኗ እንመለስ። ባለመኪናው በጋራዡ ፍርድ መሠረት አዲስ አበባ ወርዶ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ፣ በጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር አንድ የሆነ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶ መጣ። ቁጥሩን ፊደል በፊደል አመሳክሮ መግዛቱ ብልህነት ነው፤ መልካቸውና ሶኬታቸው አንድ ሆኖ ውስጣቸው የተለያየ ሳጥኖች ብዙ ናቸውና። ተገጠመ፤ ሞተሪኖው አዞረ፤ ሞተሩ አልተነሣም። በዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያለባት ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ጋራዡም «ይኼም የሞተ ነው፣ ሸውደውሃል፤ ሌላ ግዛ» አለው።

እኛ ዘንድ ስትመጣ ሁለቱም ኮምፒዩተሮች በፌስታል ተጠቅልለው በወተት መያዣዎቹ መካከል ተቀምጠው ነበር። ሹፌሩ በትሕትና፣ ነገር ግን ተስፋ በቆረጠ ድምፅ፣ «ዶክተር፣ የሞተውን ከሞተው ይለዩልኝ» አለን።

የጀመርነው ከቀላሉ ነበር። ኮምፒዩተር ከሁሉ በፊት የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣ ሽቦና ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስ መንገድ። የመመለሻው መንገድ የመኪናዋ የብረት አካል ሲሆን፣ የኮምፒዩተሩ የኔጋቲቭ ሽቦ ከመቀመጫው ሥር ከወለሉ ጋር በብሎን ታስሯል። ቴስተራችንን በኦም ላይ አድርገን ከሽቦው ጫፍ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ለካን። 0.5 ኦም አነበበ። የቴስተሩን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ስናገናኝ ደግሞ 0.2 ኦም ያሳያል፤ ስለዚህ እውነተኛው ሬዚስታንስ 0.3 ኦም ነው። «ይህ ከምንም አይቆጠርም» ብለን አለፍነው። ለሁለት ቀን ያህል ሌላ ሌላ ነገር ስንፈልግ ቆየን።

በላቦራቶሪ ሕይወታችን የለመድነው ጅረት በሚሊ አምፒር የሚቆጠር ነበር። በአንድ ሚሊ አምፒር ሲሆን 0.3 ኦም በእርግጥ ከምንም አይቆጠርም፤ የሚወስደው ቮልቴጅ 0.0003 ቮልት ብቻ ነው። ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት ግን በዚህች ቫን ኮምፒዩተሩና የሚያዝዛቸው መርጫዎች በዚያች አንዲት ብሎን በኩል የሚመልሱት ጅረት 7 አምፒር ገደማ ይደርሳል። የኦምን ሕግ እናስታውስ፦ 7 ሲባዛ በ0.3 ሁለት ቮልት ከአሥረኛ ነው። ሁለት ቮልት ብሎኗ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ስህተታችንን ያሳየን አንድ የላቦራቶሪ ረዳት ነው። የ55 ዋት የፊት መብራት አምፖል አምጥቶ፣ አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከዚያው ከኮምፒዩተሩ የኔጋቲቭ ሽቦ ጋር አገናኘው። አምፖሉ በራ፤ ግን ሽንኩርት መስሎ ቢጫ ሆኖ። በዚህ ጊዜ ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገን ከሽቦው እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ስንለካ 1.2 ቮልት አገኘን። ከዜሮ ብዙም የማይበልጥ መሆን ነበረበት። አምፖሉ በዚያ ሁኔታ የሚስበው 4 አምፒር ገደማ ስለሆነ፣ ሬዚስታንሱ ያው 0.3 ኦም ነው። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው እኛ ቁጥሩን ያየንበት ዓይን ነው።

አሁን የማለዳው ችግር ተፈታ። በውርጭ ሌሊት ባትሪው ይቀዘቅዛል፤ በውስጡ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚዘገይ የውስጥ ሬዚስታንሱ ይጨምራል። የሞተሩም ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው ብዙ ጅረት ይስባል። በዚህ የተነሣ 12 ቮልት የሚሰጠው ባትሪ ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ 9.3 ቮልት ላይ ሲወድቅ ለካን። ከዚያ ላይ ብሎኗ 2.1 ስትወስድ ለኮምፒዩተሩ የሚደርሰው 7.2 ቮልት ነው። ከዚህ ገደማ በታች ኮምፒዩተሩ ራሱን ያጠፋና እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣ ሞተሪኖው አሁንም እየዞረ ስለሆነ እንደገና ይጠፋል። እኩለ ቀን ላይ ባትሪው ከ10 ቮልት በላይ ስለሚይዝ ችግሩ የለም። ሹፌሩ ይህን ስናስረዳው «ታዲያ ጥፋቱ የብርዱ ነው የብሎኗ?» አለን። የሁለቱ ነው።

ወተት እንደ ኢሌክትሮላይት

ብሎኗን ፈትተን ስናያት ከሥሯ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ተጋግሯል። ቦታው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር፣ ከወለሉ ዝቅተኛ ክፍል ነው። መኪናዋ ወተት ትጭናለች። ወተት ይፈሳል። የፈሰሰው በውኃ ይታጠባል፤ ውኃውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል።

ትኩስ ወተት ወደ ገለልተኛነት የቀረበ ነው፤ ፒኤች መጠኑ 6.7 አካባቢ ነው። ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ሲለውጡት ግን ይህ ቁጥር ወደ 4.5 አካባቢ ይወርዳል። አሲዱና በወተት ውስጥ በተፈጥሮ ያሉት ጨዎች አንድ ላይ ሆነው ኤሌክትሪክን በሚገባ የሚያስተላልፍ ፈሳሽ ይሆናሉ። መዳብና ብረት በአንድ ብሎን ሥር ተገናኝተው በዚህ ፈሳሽ ከራሱ የተሠራው ነገር ትንሽ ባትሪ ነው፤ ብረቱም እየተበላ ይሄዳል። የጫጫ ውርጭ ወተቱን ከመበላሸት ሲጠብቅ፣ ወለሉ ላይ የቀረው ጥቂት ወተት ግን በቀኑ ፀሐይ ሥራውን ሲሠራ ኖሯል።

ብሎኗን አጽድተን፣ ሽቦውን ቆርጠን አዲስ ጫፍ አሥረን፣ ከወለሉ ከፍ ያለ ቦታ መርጠን ቀለሙን ፍቀን አሰርነው። በአምፖሉ ስንፈትሽ 0.04 ቮልት አነበበ። በደስታ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር መልሰን ገጠምን። አልሠራም።

እዚህ ላይ ለጋራዡ ባለሙያ ፍትሕ እንስጥ። ከኮምፒዩተሩ ወደ ሴንሰሮቹ የሚሄደው 5 ቮልት በአንደኛው የሴንሰር ሶኬት ላይ ሲለካ 1.9 ቮልት ነበር፤ እሱም ይዋዥቃል። ሶማሌ ተራ የተገዛውን ስንገጥም ግን 5.02 ቮልት ሆኖ ጸንቶ ቆመ። ስለዚህ የመጀመሪያው በእውነት ተበላሽቷል፤ «የሞተ» የተባለው ሁለተኛው ግን ጤነኛ ነው። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተርና አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ሳጥን ስንከፍት የእርጎ ሽታ ተቀበለን። ፈሳሹ በሶኬቱ ላስቲክ በኩል ገብቶ በሰሌዳው አንድ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እጅግ ቀጭን ከሆኑት የመዳብ መስመሮች መካከል አንዱ ተበልቶ አልቋል። ከሁለት ሌሎች መስመሮች መካከል ደግሞ በማጉያ መነጽር ሲታይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ የመዳብ ቡቃያ በቅሎ ነበር። ይህ የታወቀ ክስተት ነው፦ በእርጥበት ውስጥ መዳብ ከፖዘቲቩ መስመር አዮን ሆኖ ይለቅና በኤሌክትሪክ መስኩ እየተሳበ ወደ ኔጋቲቩ ይሄዳል፤ እዚያም ደርሶ እንደገና ብረት ይሆናል። ቀስ በቀስም ወደ መነሻው እያደገ ይመጣና ሁለቱን መስመሮች ያገናኛቸዋል። የ5 ቮልቱ ምንጭ እንዲህ ታንቆ ቀረ።

እርግጥ የሞተር ኮምፒዩተር ያለ ወተትም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቶዮታ በሰሜን አሜሪካ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡ የኮሮላና የማትሪክስ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል፤ ምክንያቱም በሞተር ኮምፒዩተሩ ሰሌዳ ላይ ያለ የብየዳ ነጥብ ወይም አንድ የኢሌክትሮኒክ ዕቃ ሊሰነጠቅ መቻሉ ነበር። በ1990ዎቹ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ደግሞ የካፓሲተሮች ፈሳሽ እየፈሰሰ ሰሌዳውን ያቃጥል ነበር።

ቁልፉ ያልታወቀው እንግዳ

ጤነኛው ኮምፒዩተር ታዲያ ለምን ሞተሩን አላስነሣም? መልሱ ያቺ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ናት። በቁልፉ ራስ ውስጥ ባትሪ የሌላት ትንሽ ቺፕ አለች። ቁልፉ ሲገባ በመክፈቻው ዙሪያ የተጠቀለለ ሽቦ በሰከንድ ከ100,000 ጊዜ በላይ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ያ መስክ በቺፗ ውስጥ ባለው ጥቅል ሽቦ ላይ ጅረት ይወልዳል፤ የፋራዴይ ሕግ ነው፤ ቺፗም በዚያች ጉልበት ነቅታ ማንነቷን ትናገራለች። ኮምፒዩተሩ ካላወቃት ናፍጣ አይፈቅድም። ከሶማሌ ተራ የመጣው ሳጥን የሚያውቀው የቀድሞ መኪናውን ቁልፍ ነው፤ የጫጫዋን ቁልፍ እንደ ሌባ ቆጠራት። ሥራውን በትክክል እየሠራ «ሞቷል» ተባለ።

ይህን ለመፍታት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአምራቹ መሣሪያ አዲሱን ኮምፒዩተር ከቁልፉ ጋር ማስተዋወቅ ነው። ይህ ያልተገኘለት ሰው የሚጠቀምበት ሁለተኛው መንገድ ደግሞ የቁልፉ መታወቂያ የተጻፈባትን ባለ ስምንት እግር የማስታወሻ ቺፕ ከአሮጌው ሰሌዳ አንሥቶ ወደ አዲሱ ማዛወር ነው። እኛ ሁለተኛውን መረጥን፤ ከዚያ በፊት ግን የመኪናዋን ሊብሬ ለማየት ጠየቅን። ይህን የጠየቅነው ባለመኪናውን ተጠራጥረን ሳይሆን ይህ ሥራ ለሌባም የሚያገለግል ስለሆነ ነው። እርሱም ምንም ቅር ሳይለው ከኪሱ አወጣልን።

ቺፗ ግን በወተት ከተጎዳው ጥግ አንድ ጣት ርቀት ላይ ነበረች። በውስጧ ያለው መረጃ ተርፎ ይሆን? ይህች ቺፕ መረጃዋን የምትይዘው በኤሌክትሮኖች ነው። በእያንዳንዷ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ በሁሉም ወገን በማይተላለፍ የኦክሳይድ ሽፋን የተከበበች፣ ከማንም ጋር ያልተገናኘች አንዲት ደሴት አለች። ሲጻፍባት ከፍ ባለ ቮልቴጅ ኤሌክትሮኖች ሽፋኑን በኳንተም ቀዳዳ አልፈው ወደ ደሴቷ ይገባሉ፤ ቮልቴጁ ሲነሣ መውጫ ያጣሉ። በክላሲካል ፊዚክስ ቢሆን መግባትም ባልቻሉ ነበር። የኳንተም መካኒክስ ክፍለ ጊዜ ላይ «ቅንጣቱ ግድግዳውን አልፎ ይገኛል» ስንል ተማሪዎቻችን በጥርጣሬ ያዩናል። እነሆ፣ የጫጫዋ መኪና ቁልፍ ማንነት ግድግዳ አልፈው ገብተው ለ14 ዓመታት በተቀመጡ ኤሌክትሮኖች ተጽፎ ኖሯል። ባትሪው ቢነቀል፣ ሰሌዳው ቢበላ፣ እነርሱ አይነቃነቁም።

ሰሌዳውን በአልኮል አጠብን፣ አደረቅን፣ በሞቀ አየር የሁለቱን ቺፖች ብየዳ አቅልጠን አነሣን፣ የአሮጌውን በአዲሱ ላይ በየድን። በዚህ ጊዜ በእጃችን ላይ ከመሬት ጋር የተገናኘ አምባር አስረን ነበር፤ በበጋ ደረቅ የደጋ አየር የሱፍ ሹራብ ለብሶ የተንቀሳቀሰ ሰው በሺህ የሚቆጠር ቮልት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ሊሸከም ይችላልና።

ቁልፉ ሲዞር መብራቷ ጠፋች። ሞተሩም ተነሣ።

የተነሣው ግን እየተንቀጠቀጠ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ያነሰ ይመስላል። ይህ ያልጠበቅነው ነበር። ለካስ በእያንዳንዱ መርጫ ራስ ላይ የተጻፈ ረጅም መለያ አለ። መርጫዎች በፋብሪካ ሲሠሩ በጥቂቱ ይለያያሉ፤ አንዱ በተመሳሳይ ጊዜ ትንሽ አብዝቶ፣ ሌላው አሳንሶ ይረጫል። ፋብሪካው እያንዳንዱን ለክቶ ልዩነቱን በዚያ መለያ ይጽፈዋል፤ ኮምፒዩተሩም እያረመ ያዝዛል። ሁለተኛው ኮምፒዩተር የያዘው የሌላ መኪና መርጫዎችን ልዩነት ስለሆነ የማያስፈልገውን ያርም ነበር። አራቱን መለያዎች በናፍጣ በነከርነው ጨርቅ ጠርገን አነበብን፤ ሦስተኛው በእጅጉ ስለተፋቀ በማጉያ መነጽር ነበር የተነበበው። በተውሶ ባመጣነው የመመርመሪያ መሣሪያ አስገባናቸው። ይህ በሚሠራበት ጊዜ የባትሪው ቮልቴጅ እንዳይወርድ ሌላ ባትሪ ጎን ለጎን አሰርን፤ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል የተቋረጠበት ኮምፒዩተር በእውነት ሊሞት ይችላልና። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ረጋ።

ዕለቱ ኅዳር 12 ቀን ነበር። ለጾሙ ሦስት ቀን ቀርቷል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር እንዲህ ያለውን ጥገና ይበልጥ ተፈላጊ አድርጎታል። በዚያው በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ እጅግ ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያሉት ቫኖች ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ዓመት መሥራት ይጠበቅባቸዋል። የፖምፓ ዘመን ጆሮ ያላቸው መካኒኮቻችን ዛሬም አሉ፤ ብዙዎቹም ከእኛ ይልቅ ሞተር ያውቃሉ። የጎደለው የአምፖሉ ፈተና ዓይነት ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከ8ኛ ክፍል የኤሌክትሪክ ትምህርት አይርቅም። አባቱ ወይም አጎቱ መኪና ያለው አንባቢ ቢኖር ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል፦ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርጎ፣ ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሩ ብረት፣ ከዚያም እስከ መኪናው አካል ይለካ። ከ0.1 ቮልት በላይ ያነበበ ሰው የሚያጸዳው ብሎን አለው።

አሮጌው ኮምፒዩተር በላቦራቶሪያችን ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመዳቡ ቡቃያ በመስታወት ሥር ይታያል። አዲሱ ሳጥን በቫኗ ውስጥ ከወለሉ ተነሥቶ ከዳሽቦርዱ ኋላ፣ ሶኬቱ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ታስሯል። ሹፌሩም የራሱን ቴስተር ገዝቷል። የእህቱ ልጅ እንደነገረን ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን ካጠበ በኋላ ብሎኗን ይለካና ቁጥሩን በወተት መመዝገቢያ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይጽፋል። የመጨረሻው የተጻፈው 0.05 ነበር።